ሬዲዮናችን ሳይነግረን ተለወጠ

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። መንገዱ ተዘጋግቷል። ሾፌሩ አንድ ኤፍኤም ከፍቷል። ስንነሳ ስለ ስኳር በሽታ ይወራ ነበር። ስታዲየም ጋ ስንደርስ ወሬው ኳስ ሆነ። ሃያ ሁለት ሰፈር ላይ ደግሞ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሙዚቃ፣ ሌላ ጨዋታ። ሾፌሩ ጣቢያ የቀየረ መስሎኝ ነበር። ለካስ ጭራሽ አልነካውም።

ድሮ የጣቢያው ስም ባይጠራም ማን እንደሆነ በድምፁ እናውቅ ነበር። እስከ 1992 ዓ.ም ሬዲዮ ለብዙዎቻችን ኮስተር ብሎ ዜና የሚያነብ ድምፅ ነበር። ያን ዓመት ኤፍኤም አዲስ 97.1 ሲጀምር ሬዲዮው ከእኛ ጋር መጨዋወት ጀመረ። በ2000 ዓ.ም ሸገር 102.1 መጣ። መዓዛ ብሩ በ«የጨዋታ እንግዳ» አንድን ሰው ለሳምንታት ስታነጋግር ማንም አያጣድፋትም። እንግዳው ገና ልጅነቱን አውርቶ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቃል፣ እኛም ሳምንት እንጠብቃለን። ጣቢያው ማን እንደሆነ የሚያሳየን እንዲህ ያለው ፕሮግራም ነው።

ዛሬ ብዙ ጣቢያዎች ቀናቸውን ሸንሽነው ይሸጣሉ። ሰዓቱን የሚገዛው ተባባሪ አዘጋጅ ይባላል። ስፖንሰር የሚያፈላልገው፣ የአየር ሰዓት የሚከፍለው እሱ ነው። ተባባሪ አዘጋጆችን መውቀስ አልፈልግም። ጎበዝ ጋዜጠኞች የወጡት ከነሱ መሃል ነው፣ አንዳንዶቹም ከኪሳቸው እየከፈሉ ነው የሚሠሩት። ችግሩ ከፕሮግራሙ በፊት ኪራዩ መታሰቡ ላይ ነው። የኳስ ወሬ ሁለት ሰውና ሁለት ማይክ ይበቃዋል። የሬዲዮ ድራማ ግን ደራሲ፣ ተዋንያን፣ ድምፅ አቀናባሪ፣ የልምምድ ቀን ይፈልጋል። ታዲያ የትኛው ቢበዛ ይገርማል?

በአገራችን ጣቢያ ሲለወጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1955 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ብስራተ ወንጌል የተባለ መንፈሳዊ ሬዲዮ ጣቢያ በ1969 ዓ.ም በደርግ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ከመንፈሳዊ መዝሙር ወደ አብዮት መፈክር። ያ በጉልበት የመጣ ለውጥ ነው፣ አልመኘውም። ግን ያኔ አድማጩ ጣቢያው እንደተለወጠ ያውቅ ነበር። የአሁኑ ለውጥ በግማሽ ሰዓት፣ በግማሽ ሰዓት እየተቆረሰ ስለሚመጣ ማንም ልብ አይለው።

ጣቢያዎቻችንን የምለምነው ብዙ አይደለም። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ሳትሸጡ ለራሳችሁ አስቀሩ። ትረካውን፣ ድራማውን፣ ረጅሙን ጨዋታ እዚያ ሥሩ። የቆዩ ቅጂዎችን አትጣሉ። አንድ ፕሮግራም ሲቋረጥ ደግሞ ለአድማጭ ንገሩ።

የመጨረሻውን የምለው ከእናቴ የተነሳ ነው። ማታ ማታ የምትከታተለው ትረካ ነበራት። አንድ ሰኞ በሰዓቱ ስትከፍት የሪል ስቴት ፕሮግራም ሆኖ አገኘችው። ይቅርታ ያለ የለም፣ ደህና ሁኑ ያለም የለም። ታሪኩ መሃል ላይ ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል በዚያው ሰዓት ሬዲዮኑን እየከፈተች፣ «ዛሬም የለም?» ትለኝ ነበር።