ልጁ የት ይፈተን?

ቻይና ውስጥ ስለ መገለል ሲነሳ ሐበሻው ቶሎ የሚያስታውሰው የኮሮናውን ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እዚህ በምኖርበት ጓንዡ ከተማ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤት ተባረው ጎዳና አድረዋል። ያ አይረሳም። ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ግን ቻይናዊው በገዛ አገሩ የሚደርስበትን ነው።

ሁኮው የሚባል የነዋሪነት መዝገብ አላቸው። ሕግ ሆኖ የወጣው በ1958 ነው። ልጅ የወላጆቹን መዝገብ ይወርሳል። ከሲቹዋን ገጠር የመጣ ሰው ጓንዡ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜውን ቢጨርስ እንኳ መዝገቡ እዚያው ሲቹዋን ሊቀር ይችላል። በ2020ው ቆጠራ እንዲህ ከተመዘገበበት ርቆ የሚኖረው 376 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የኢትዮጵያን ሕዝብ ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

በ2003 ሱን ጂጋንግ የሚባል የ27 ዓመት ወጣት እዚሁ ጓንዡ ውስጥ ተያዘ። ጥፋቱ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ አለመያዙ ነበር። በተያዘበት ተደብድቦ ሞተ። ሕዝቡ ስለጮኸ ወረቀት የሌለውን እየያዙ ወደ አገሩ የመመለሱ ደንብ በዚያው ዓመት ተሻረ። ሁኮው ግን አለ።

እኔን አንጀቴን የሚበላኝ የልጆቹ ነገር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለመግባት የኪራይ ውል፣ የሥራ ውል፣ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ይጠየቃል። ያልተሟላለት ወይ በክፍያ ይማራል፣ ወይ መንደር ከአያቱ ጋር ይቀራል። እናቱን የሚያያት ለአዲስ ዓመት ስትመጣ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውም በአብዛኛው መዝገቡ ባለበት ክፍለ አገር ነው። ቤጂንግ ተወልዶ ያደገ፣ መዝገቡ ግን ሄናን ክፍለ አገር የሆነ ልጅ ለፈተናው ሄናን ይገባል። እዚያ ከሚሊዮን በላይ ተፈታኝ አለ። የዩኒቨርሲቲ ቦታ የሚደለደለው በየክፍለ አገሩ ስለሆነ፣ ታላላቆቹ የቤጂንግ ዩኒቨርሲቲዎች ለቤጂንግ ተመዝጋቢ የተሻለ ዕድል ይሰጣሉ። የክፍል ጓደኛው ከእሱ ባነሰ ውጤት ሊገባ ይችላል። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አልገፈተረውም። ወረቀቱ ብቻ በቂ ነው።

እኛ አገርም ወረቀት ያስቸግራል። አዲስ አበባ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከመጣህበት መሸኛ አምጣ ትባላለህ። ኮንዶሚኒየም ሲመዘገብም የከተማዋ ነዋሪነት ተጠይቋል። ሕንጻውን የሚገነባው የቀን ሠራተኛ ይህን ጣጣ በደንብ ያውቀዋል። ልጁ ላይ ስንደርስ ግን እንለያለን። ከወሎ ገጠር የመጣ ሰው ልጅ አዲስ አበባ ከተማረ የ12ኛ ክፍል ፈተናን የሚፈተነው እንደ አዲስ አበባ ተማሪ ነው። የአባቱን ቀበሌ ፈልግ የሚለው የለም። ይህን ቻይናውያን ባልደረቦቼ ሲሰሙ ደጋግመው ይጠይቁኛል። አንዷ፣ የሁናን ክፍለ አገር ሰው፣ ልጇን ለሁለተኛ ደረጃ ወደ መንደር ልካለች፤ እሷ እዚህ ቀርታለች።