እርማት፦ «ባል ካልፈቀደ» የሚባለው ነገር

ወንድሜ፣ የልብስ ስፌት ሥልጠና ስለሚፈልጉ የመንዝ ሴቶች የጻፍከውን አየሁት። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግን «ያገባች ሴት ለመሠልጠንም ሆነ ተቀጥራ ለመሥራት የባሏ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ሕጉ ነው» ያልከው ልክ አይደለም።

ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርግ ነበር። አንዱ ተጋቢ የሌላውን ሥራ «ለቤታችን አይበጅም» ብሎ መቃወምም ይችል ነበር። ወረቀቱ ላይ መብቱ ለሁለቱም ነው። ግን ስንቷ ሚስት ናት ባሏን «ሥራህን ተው» ያለችው? ያ በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ቀረ። መንዝ ያለበት የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። እዚያም ባልና ሚስት እኩል ናቸው።

የሁለቱም ስምምነት የሚጠየቅበት ጉዳይ አለ፣ አልክድም። የጋራ ቤት ሲሸጥ ወይም በመያዣነት ሲሰጥ ለምሳሌ። እሱ ግን ባልንም እኩል ያስራል፤ ሚስቱ ሳትስማማ አይሸጥም። የገጠር መሬት ደብተርም በባልና ሚስት ስም የሚሰጠው ለዚሁ ነው። ለሥልጠና ከመመዝገብ ጋር አይገናኝም።

ደግሞ የመንዝ ሴት የበግ ጠጉር ስትፈትል ኖራለች። ከጠጉር የሚሠራው ባናውና ዝተቱ ከእሷ እጅ ነው የሚጀምረው። ለዚያ ፈቃድ አምጪ ያላት የለም!

እባክህ ያቺን መስመር አስተካክላት። አንዷ አንብባት ሳትመዘገብ እንዳትቀር።