መብራት ሲጠፋ የማይጠፋው ኮረንቲ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት ለምን እንደጠፋ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው የሚገረመው ሲመጣ ነው። ጥቅምት ከገባ ግን ሰፈራችን ሌላ የኃይል ምንጭ ያገኛል። ዝናቡ ያበቃል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ከፍጥነት መንገዱ በኩል የሚነሳው ነፋስ አቧራውን ሸክፎ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ቆጣሪ የማያውቀው፣ ካርድ የማይሞላለት ኮረንቲ በየሰዉ ሹራብ ውስጥ ያድራል። አባቶች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለው ነበር። አጥንቱ ተወደደና ለእኛ ብሎክ የደረሰው በጥቅምት አንድ ንዝረት ነው።

ነገሩ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ አንዱ የሌላውን ኤሌክትሮን ይዞ ይሄዳል፤ ብድር መሆኑ ነው። ክረምት ላይ እርጥበቱ ብድሩን ቀስ እያደረገ ያስመልሳል። በጋ ላይ ግን ደረቁ አየርና የላስቲክ ጫማችን ስለማያሳልፉት፣ የበር እጀታ እስክንነካ ድረስ ተሸክመነው እንዞራለን። ማታ ጨለማ ውስጥ የቻይናውን ብርድ ልብስ ገለጥ ስታደርጉት ጠሽ ጠሽ እያለ ሰማያዊ ብልጭታ የሚረጨውም ይኸው ነው። እንዲያውም በፈረቃ ከሚመጣው መብራት ይልቅ ብርድ ልብሱ ሰዓት ያከብራል።

ንዝረቱ እንዲሰማን ሰውነታችን ላይ 3,000 ቮልት ገደማ መጠራቀም አለበት። ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ያለ ሰው በደረቅ አየር ከ10,000 በላይ ሊሸከም ይችላል። የግድግዳው ሶኬት 220 ሆኖ ሲገድል ይኼ የማይገድለው፣ ሶኬቱ ሳያቋርጥ ስለሚሰጥ፣ ይኼኛው ግን ያለችውን ጥቂት ነገር በቅጽበት አራግፎ ባዶውን ስለሚቀር ነው። ቮልቱ ሰማይ፣ ኪሱ ባዶ። እንዲህ ያለ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ስለሞላ ለማስረዳት አልተቸገርኩም።

የተቸገርኩት ሰላምታው ላይ ነው። ፈረንጅ ከሩቅ እጁን አወዛውዞ ያልፋል። እኛ መጨባበጥ አለ፣ ትከሻ መግጨት አለ፣ ጉንጭ ሦስት ጊዜ መሳም አለ። የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ጠሽ ይላል፤ ሂሳቡ እዚያው ስለሚወራረድ የቀሩት ሁለቱ ሰላም ናቸው። ግን ማን ይጠብቃቸዋል? የአራተኛ ፎቋ እትዬ በመጀመሪያው ላይ «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ አሉ፤ ሳሚዋ ጎረቤታቸው በማግስቱ ዓይኗ እንደማያምር በብሎኩ ተወራ። ከሳምንት በኋላ «የሆነ ነገርማ አለባት» ተባለ። የነበረባት የፖሊስተር ሹራብ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ወጣት ደግሞ አንዲት ልጅ ብር ስትመልስለት ጣቷ ስለነዘረው ፍቅር እንደያዘው እርግጠኛ ሆኗል። አንድ ጎልማሳም እጁ ነዛሪ መሆኑን ካወቀ ወዲህ የታመመ ሰው ትከሻ ላይ እጁን እያሳረፈ ትንሽ ዝም ማለት ጀምሯል።

ጋቢ ለብሰው ፀሐይ የሚሞቁት ሽማግሌዎች ማንንም አይነዝሩም። ጥጥ እርጥበት ስለሚይዝ ነው። እነሱ ግን «ድሮ ሰው ልቡ ንጹሕ ነበር» ይላሉ።

ከዚያ የብሎኩ የብረት በር ሰው መንዘር ጀመረ፤ ስብሰባ ተጠራ። አከራዮች «ተከራይ ቆጣሪ ነካክቶ ነው» አሉ። ተከራዮች «ለሌባ ብላችሁ በሩ ላይ ኮረንቲ ለቃችኋል» አሉ። ሰብሳቢው ሻምበል ቃለ ጉባኤ አስያዙ፣ መዋጮ ተዋጣ፣ ኤሌክትሪሺያን መጣ። ቴስተሩን በሩ ላይ ቢያስደግፈው ጭልም አላለም። በእጁ ዳሰሰው፣ ምንም የለም። ባለሙያ ገንዘብ ተቀብሎ «ምንም የለም» አይልምና ብሬከር ይቀየር አለ። ብሬከሩ ተቀየረ። በማግስቱ ሻምበል ራሳቸው፣ ምንጣፍ ላይ ሲንሸራሸሩበት በቆዩት ነጠላ ጫማ ወርደው እጀታውን ሲይዙ በሩ እሳቸውን ነዘረ። ኮረንቲውን ከቤታቸው ይዘው የወረዱት እሳቸው መሆናቸውን ማን ይንገራቸው?

መፍትሔው እኮ ቀላል ነው። በሩን ከመንካት በፊት ቁልፉን ጠበቅ አድርጎ ይዞ በጫፉ ብረቱን መንካት፤ ብልጭታው ከቁልፉ ላይ ይወጣና ጣት ይተርፋል። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወልና እጅን ቅባት መቀባትም ይረዳል። ነገር ግን መዋጮ የሌለበት መፍትሔ ኮሚቴ ፊት ክብደት የለውም።

ደግሞ ይኼን ኮረንቲ ብቻ መውቀስ ውለታ መርሳት ነው፤ የሀገራችን ቢሮክራሲ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ የፓተንት ክፍል ሠራተኛ ሰነድ መገልበጥ ቢሰለቸው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1938 ኒውዮርክ ውስጥ ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በመሐረብ አሽቶ የመጀመሪያዋን ኮፒ አወጣ። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ጥቅምት 12 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። ያም ጥቅምት! ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዛሬም በዚያው ዘዴ ይሠራል፦ ሲሊንደሩ በስታቲክ ይሞላል፣ ብርሃን የነካው ቦታ ይራገፋል፣ በተራገፈውና ባልተራገፈው ቦታ ልዩነት የተነሣ ፊደሉ ያለበት ቦታ የቀለሙን ዱቄት ይስባል፣ ዱቄቱ ወደ ወረቀቱ ተላልፎ በሙቀት ይጣበቃል። ለዚህ ነው ኮፒው ትኩስ ሆኖ የሚሰጠን። ካርልሰን መገልበጥን ሊያስቀር ነበር የደከመው፤ የእኛ መስኮት ግን «ኮፒውን ከነኦሪጂናሉ፣ በሦስት» ይላል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ውስጥ ያለውን አቧራ መልቀምና መኪና ቀለም መርጨትም ከዚሁ ኮረንቲ ሙያዎች መካከል ናቸው። መብረቅም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ዳመና ውስጥ የሚላተመው በረዶ የሚያጠራቅመው ነው። ሀብታም ዘመድ ስለሆነ ግን እኛ ጋ የሚመጣው በዝናብ ወራት ነው።

ብርድ ልብስ ሲነዝረው ፀበል የሚያስበው ሰፈር፣ ቤንዚን ፊት ሲቆም ደፋር ነው። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ቤንዚን በጀሪካን በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ በሃይላንድ መንገድ ዳር ይሸጣል። የቤንዚን ትነት ለመቀጣጠል የሚበቃው እጅግ ጥቂት ጉልበት፣ ከአንድ ሚሊ ጁል ሩብ ያህሉ ነው፤ ከጣት የሚዘለው ብልጭታ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቦቴ እንኳ ማደያ ገብቶ ከማራገፉ በፊት በሽቦ ከመሬት ጋር የሚታሰረው ለዚህ ነው። ፕላስቲክ ጀሪካን ደግሞ ሲቀዳበት የሚፈጠረውን ኮረንቲ አያሳልፍም፤ የፒክ አፕ ፕላስቲክ ወይም ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሲሞላ መሄጃ ያጣል። መሬት ላይ አስቀምጦ፣ የመቅጃውን አፍ ከጀሪካኑ አፍ ጋር አስነክቶ፣ ቀስ ብሎ መቅዳት ነው። መኪና የሚያስሞላም ሰው መሐል ላይ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሹራቡን ባያሽ ይመረጣል። ማደያው የለጠፈው ማስታወቂያ ግን የሚያወራው ስለ ስልክ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ የባጃጅ ሾፌር እንደ ፌስታል የሚንኮሻኮሽ ጃኬት ለብሶ፣ ጀሪካኑን የኋላ ወንበሩ ላይ ደግፎ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ቤንዚን ሲገለብጥ አገኘሁት።

«ወንድሜ፣ መሬት አውርደህ ቅዳው፤ ስታቲክ ይፈጥራል» አልኩት።

ቀና ብሎ እጄን አየና ደነገጠ።

«ኧረ ጋሼ፣ በእግዜር! መጀመሪያ ስልክዎን ያጥፉ!»