«ትሪፕስ ተገኝቷል» ብሎ ማለፍ አይበቃም

ከውጭ የገባ የአበባ ችግኝ ነጭ ወረቀት ላይ ሲራገፍ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ቢጫ ነፍሳት ይወድቃሉ። የኬላ ተቆጣጣሪው ቅጹ ላይ የእነዚህን ደቃቅ ነፍሳት የወል ስም «ትሪፕስ» ብሎ ከጻፈና ሥራው እዚያ ካበቃ፣ ምርመራው ገና አልተጀመረም ባይ ነኝ። በዓለም 6,000 ገደማ የትሪፕስ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ፈንገስ በልተው የሚኖሩ፣ ሌሎች ተባዮችን የሚያድኑም አሉባቸው። ጭነቱ ይለፍ ወይስ ይታገድ የሚያሰኘው የዝርያው ስም ነው።

የሽንኩርቱን ትሪፕስ፣ ትሪፕስ ታባሲን፣ በጅማ ዙሪያ ሽንኩርት የተከለ ገበሬ በቅጠል ላይ በሚተወው ብርማ ጠባሳ ያውቀዋል። ትሪፕስ ፓልሚ ግን ከእስያ የተስፋፋ፣ ኪያርና ቃሪያ የሚያጠፋ፣ የአውሮፓ ኅብረት በኳራንቲን (እንዳይገቡ በሚከለከሉ ተባዮች) ዝርዝሩ ያሰፈረው ተባይ ነው። በዓይን ሲታዩ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ነፍሳቱን ከተቀመጡበት አልኮል አውጥቶ፣ የሆዱን ዕቃ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙቶ፣ ክንፉን ዘርግቶ በመስታወት ስላይድ ላይ በበለሳም (ብርሃን በሚያሳልፍ የዛፍ ሙጫ) ማጣበቅ ግድ ነው። ከዚያ በማይክሮስኮፕ 400 ጊዜ አጉልቶ ከሌሎች ምልክቶች ጋር የሆዱን ሁለተኛ ቀለበት ጠርዝ ማየት፦ ታባሲ በየጎኑ ሦስት ፀጉር አለው፣ ፓልሚ አራት። የአንድ ነጋዴ ሙሉ ጭነት በአንዲት ፀጉር ይታገዳል ወይም ይለቀቃል! የወደቀው እጭ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ብዙም አይረዳም።

«ዲኤንኤ እያለ ማይክሮስኮፕ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ዲኤንኤ እጩንም ይለያል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ውጤቱ የሚነጻጸርበትን ናሙና አስቀድሞ ስም ያወጣለት በማይክሮስኮፕ ያየ ባለሙያ ነው። ናሙናውን ውጭ አገር እንላክ የሚለውም ምክር አይዋጥልኝም። መልሱ እስኪመጣ ችግኙ ይጠወልጋል፣ ባለንብረቱ ይወተውታል፣ ተቆጣጣሪውም በመጨረሻ ይለቀዋል።

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሏችንን ከወረረ በኋላ የተደረገው ርብርብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነበር። ተምቹስ በርሮ ይመጣል፣ ኬላ አያግደውም እንበል። ትሪፕስ ግን ከፍለን ባስመጣነው ካርቶን ውስጥ ነው የሚገባው።

የኳራንቲን ተባይ የሚባለው አገር ውስጥ የሌለ ወይም ገብቶ በስፋት ያልተሰራጨ ነው። ስለዚህ ያለንን ሳናውቅ የሌለንን ዝርዝር ማውጣት አንችልም። ጅማ ላይ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ አለ፣ እዚያው አቅራቢያ መልኮ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከሽንኩርት፣ ከቃሪያ፣ ከቡናና ከጫት ትሪፕስ እየሰበሰበ በስላይድ የሚያስቀምጥ፣ የኬላ ተቆጣጣሪዎችንም እዚያው የሚያሠለጥን ሰው ያስፈልጋል። ለጅምሩ ሁለት ቋሚ የሥራ መደብ ይበቃል፤ በጀቱም ከዲኤንኤ ማሽኑ በፊት ለእነርሱ ይመደብ።