ኢንቾን ሄዳችሁ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ

ወገኖቼ፣ በተለይ ኮሪያ ለትምህርትም ለእንጀራም ብላችሁ የምትኖሩ እህት ወንድሞቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የምቆጣው ስለምሳሳላችሁ ነው።

በቅርቡ በወደብ ከተማዋ ኢንቾን ያለውን የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም አየሁ። ግቢው ውስጥ ታንክ ቆሟል፤ የዘመቱት አገሮች ባንዲራዎችም ይውለበለባሉ። የእኛም አለ። ከሥሩ አራት አምስት የአገሬ ልጆች ሳገኝ ደስ አለኝ። ፎቶ ተነሱ፣ ቪዲዮ ቀረጹ። አንዱ ታንኩ ላይ ወጥቶ የኮሪያ ዘማቾቻችንን ጦር ስም ጠርቶ "ቃኘው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሄዱ። የሙዚየሙን ደጃፍ እንኳ አልረገጡም።

እንዲህ ይሆናል እንዴ?

መስከረም 5 ቀን 1943 ዓ.ም. እዚያ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የኢንቾን ባሕር ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። ሲጎድል የሚታየው ጭቃ ብቻ ነው፤ ጀልባ አያስኬድም። ሰሜን ኮሪያን የሚወጋውን የተባበሩት መንግሥታት ጦር የሚመራው አሜሪካዊው ጄኔራል ማክአርተር ግን በዚያው ይገባል አለ። ጠዋት ባሕሩ ሲሞላ አንድ የአሜሪካ ሻለቃ ጦር ከኢንቾን ወደብ ፊት ያለችው ዎልሚዶ ደሴት ላይ ወረደ። ባሕሩ ጎደለ። ያ ሻለቃ ጦር ቀኑን ሙሉ፣ ረዳት ሳይደርስለት፣ ሁለተኛውን ሙላት ጠበቀ።

ማምሻውን በሁለተኛው ሙላት የመጡት ወታደሮች መሰላል ይዘው ነበር፤ የወደቡን የድንጋይ ግንብ ለመውጣት። አንድ ፎቶ አለ፤ ፈልጉት። አሜሪካዊው ሌተናንት ባልዶሜሮ ሎፔዝ አንድ እግሩን ግንቡ ላይ አንስቷል። ፊቱ አይታይም። ዕድሜው 25 ነው። ጥቂት ቆይቶ የእጅ ቦምብ ሊወረውር ሲል ተመታ፤ ቦምቡም ከእጁ ወደቀ። ጓዶቹን እንዳይፈጃቸው ስቦ በገላው ሸፈነው። እኔ ይህን ፎቶ አይቼ ለደቂቃዎች መናገር አቃተኝ።

ሌላም አለ። ጦሩ ከመድረሱ ከአምስት ቀን በፊት፣ ጳጉሜን 5፣ እኛ አገር የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሲከበር፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ዎልሚዶ ላይ ናፓልም የተባለውን የእሳት ቦምብ ጣሉ። የተቃጠሉት የመንደሩ ሰዎች ወደ 100 ይሆናሉ። የኮሪያ የእውነት አጣሪ ኮሚሽን ራሱ በ2000 ዓ.ም. ጉዳዩን አረጋግጧል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ እልልታም ጩኸትም አይሆንም። ድል የምንለው ነገር ሥር የእነዚያም አመድ አለ።

"የእኛ ሰዎች ኢንቾን አልወረዱም" የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ቃኘው ሻለቃ በቡሳን በኩል የገባው በዚያው በ1943 ነው፣ ከወራት በኋላ። የተመደበው ግን በአሜሪካኖቹ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛ ሬጅመንት ሥር ነው። ያ ሬጅመንት ደግሞ በዚያ መስከረም በኢንቾን ወርዶ ሴኡል ድረስ የተዋጋው ነው። ክረምቱንም ተራራውንም የእኛዎቹ አብረውት አዩት። ከ120 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። የተማረከ ግን አንድም የለም። ባንዲራው የተሰቀለው ለዚህ ነው እንጂ ለፎቶ ማሳመሪያ አይደለም።

አዲስ አበባ ያላችሁም አትስቁ። አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ስንቶቻችሁ ገብታችሁ አያችሁት? በታክሲ ስንት ጊዜ አለፋችሁት?

አንድ ዘማች አባት አውቃለሁ። ሜዳሊያቸውን በነጭ መሀረብ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። ሰው ሲመጣ ቀስ ብለው ይፈቱታል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እንግዳው "አባባ፣ ኮሪያ እንዴት ነበር?" ይላል። "ብርዱ፣ ልጄ፣ ብርዱ" ይላሉ። ከዚያ እንግዳው አብሯቸው ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠይቃቸው የለም። እሳቸውም መሀረቡን መልሰው ይጠቀልላሉ።

እባካችሁ፣ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። እንደ እሳቸው ያለ አባት ጎረቤታችሁ ካለ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ያችን ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቁ። ጊዜ የላቸውም።