የበያጆቹን ፈተና መልሱ

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ፋብሪካ ለበያጆቹ ይሰጥ የነበረውን የውስጥ ፈተና ሰሞኑን አስቀርቷል። ምክንያቱ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ያለውን ሰው እንደገና መፈተን ብረትና ኤሌክትሮድ ማባከን ነው ተባለ። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ።

የቱ ብክነት? ፈተናው የሚበላው ጥቂት ቁራጭ ብረትና ጥቂት ኤሌክትሮድ ነው። ስንት ቶን ብረት ቆርጦ የሚጥል ፋብሪካ እዚህ ላይ ቆጣቢ ሆነ!

ሲኦሲን አልንቅም። ልጆቻችን ቴክኒክና ሙያ ገብተው ለፍተው ያገኙት ነው። ግን ጠረጴዛ ላይ በተኛ ብረት ያለፈ ሁሉ የቆመውን ይበይድ ማለት፣ ባጃጅ የነዳ ሁሉ ሲኖትራክ ይንዳ እንደማለት ነው። በቆመ ብረት ላይ ከታች ወደ ላይ ሲበየድ የቀለጠው ወደ ታች ይፈሳል። ከጭንቅላት በላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ለዚህ ነው አይኤስኦ 9606-1 የተባለው ዓለም አቀፍ የበያጆች መፈተኛ ደረጃ በያጁን በብየዳው ዓይነት፣ በአቀማመጡና በውፍረቱ ለይቶ የሚፈትነው። ያለፈውም ቢሆን በዚያው ሥራ ላይ መቆየቱ በየ6 ወሩ መረጋገጥ አለበት። የሚፈርመው ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ የብየዳ ኃላፊ ወይም መርማሪ ነው። ፋይል ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት አይፈርምም።

ደግሞ ዓይን ይታለላል። ላዩን በግራይንደርና በስቱኮ ማሳመር ማንም ይችላል። የተበየደውን ቆርጣችሁ በፕሬስ እስከ 180 ዲግሪ እጠፉት። ሥሩ ጋ ሳይቀልጥ የቀረ ካለ አፉን ይከፍታል። ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከተከፈተ ወደቀ፤ ክርክር የለም።

የደብረ ብርሃንን ክረምት ደግሞ እናውቀዋለን። 7018 የሚባለው፣ ደረቅ ሆኖ መያዝ ያለበት ኤሌክትሮድ ካርቶኑ ተከፍቶ ከዋለ እርጥበት ይጠጣል። በዚህ ሰበብ በብየዳው ላይ የሚመጣው ስንጥቅ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ነው ብቅ የሚለው። ኤሌክትሮዱን በምድጃ አድርቆ የመጠቀምን ልማድ የሚያስይዘው የሚሠራበት ቤት ነው። ሲኦሲ ይህን አይተካም።

«ካሠለጠንነው አዲስ አበባ ይሄድብናል» የሚሉም አሉ። ታዲያ ደመወዙን ጨምሩለት! ልጁ 130 ኪሎ ሜትር ተሻግሮ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ የሚጋፈጠው አገሩ አስጠልቶት አይደለም።

ፈተናው ይመለስ። በቆመ ብረትም፣ ከጭንቅላት በላይም። የወደቀ አይባረር፤ ከነባር በያጅ ጎን ይመደብና ቁራጭ ብረት እየተሰጠው ይለማመድ። እስኪያልፍ ድረስ ግን ሰው የሚቆምበትን መወጣጫም ሆነ ግፊት የሚይዝ ታንክ አይንካ።