ማስተካከያ፦ የገብስ ጭድ አልጌን አይገድልም

ባለፈው ስለ ግቢ ኩሬና ውሃው ውስጥ ስለሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ ስለ አልጌ፣ ስጽፍ «የገብስ ጭድ ስትከቱበት አልጌው በቀናት ውስጥ ይሞታል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጭዱ አስቀድሞ የበቀለውን አልጌ አይገድልም። ሲበሰብስ የሚለቃቸው ነገሮች አዲስ እንዳይበቅል ነው የሚያግዙት፤ እሱም ሁልጊዜ አይሳካም። ሳምንታት ይፈጃል፣ ውሃው ከቀዘቀዘ ደግሞ ከወር በላይ።

«ከታች ቅበሩት» ያልኩትም ልክ አይደለም። መበስበሱ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ሳትጠቀጥቁት በመረብ ከረጢት አድርጋችሁ ከላይ አንሳፍፉት። ደግሞ አታብዙት፤ ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሣዎቹን ያፍናቸዋል።

አሁን ያለውን ፀጉር መሳይ አልጌ ግን ያው በእጅ ነው የሚወጣው። ሻካራ እንጨት አስገብታችሁ አዙሩት፤ ክር በእንዝርት እንደሚጠቀለል ተጠቅልሎ ይወጣል። ለጥቂት ሰዓት ዳር አስቀምጡት፣ የተያዙት ትንንሽ ነፍሳት ወደ ውሃው ይመለሱ። ከዚያ ራቅ አድርጋችሁ ጣሉት። ኩሬው ዳር ከበሰበሰ ዝናብ አጥቦ ለአልጌው ምግብ ያደርገዋል።